አጎቴን ከሞተ በኋላ እንዴት እንዳኖርኩት

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ልጄ ሰርግ ይቆርጣል» ትላለች። ሰሚው ደንገጥ ይላል። ትዳር የማፈርስ፣ አንዳች ቅጠል የማውቅ ሰው እመስለዋለሁ። ወዲያው እሷው «ቪዲዮውን ነው እንጂ!» ብላ ታስተካክላለች። ያን ጊዜ ሰውየው ልቡ መለስ ይልና «እሺ፣ ዋና ሥራውስ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔ ግን በሥራዬ እኮራ ነበር። ከኩራትም ጥጋብ ብለው ይሻላል። ዊንጌት አካባቢ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ፣ ፈጣሪ ያዝረከረከውን ጊዜ መልክ አስይዛለሁ ባይ ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የመጣ ሙሽራ እኔ ጋ ሲደርስ ሰዓት አክባሪ ነው። ቀጨኔ ቁልቁለት ላይ የመኪናውን በር የዘጋ ሚዜ፣ በሩን ሲከፍት ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ይወርዳል። መሀል ላይ የነበረው የመንገድ መዘጋጋት፣ የሙሽሪት አባት ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር የገጠሙት ጭቅጭቅ፣ የጎማው መፈንዳት፣ ሁሉም የለም። ኖሮም አያውቅም።

አንዲት የሙሽራ እናት ነበሩ። በሰርጉ ቀን ጥርሳቸውን አሟቸው ፊታቸው እንደተጨፈገገ ነው የዋለው። ያንን ፊት ከሙሽሪት ጭፈራ ቀጥዬ ባስገባው ምራታቸውን የጠሉ ይመስላሉ፤ ከልጃቸው ስንብት ቀጥዬ ባስገባው ደግሞ አንጀታቸው የተላወሰ እናት ይሆናሉ። ፊቱ ያው ነው። ሁለተኛውን መረጥኩላቸው። ቪዲዮውን ሲያዩ ቤተሰቡ ሁሉ አለቀሰ አሉ። ሴትየዋም ራሳቸውን አይተው አለቀሱ። ይኸው ነው ጥበቡ፦ ሁለት ምስል ጎን ለጎን ታስቀምጣለህ፣ መሀሉን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል፣ ከዚያ በዓይኔ በብረቱ አየሁ ብሎ ይምልልሃል። ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚታለል አምን ነበር። እናቴንም ጭምር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን የኖረ ሰው። ከደቡብ ደጋ፣ ወላጆቻቸው በሞቱ ጊዜ፣ ጢሙ ገና ሳያበቅል የስድስት ዓመት እህቱን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። የቻለችውን በእግሯ፣ ያልቻለችውን በጀርባው። አሳደጋት፣ ዳራት፣ አባታችን ሲሞት ደግሞ እኔንና ታላቅ እህቴን አሳደገ። እናቴ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። እሷ «ወንድምጋሼ» ትለዋለች፣ እሱ «እህት ዓለም» ይላታል። በስሟ ሲጠራት አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ሙያዬ የነበረው አስተያየት አጭር ነበር። «እኛ ድር ሲበጠስብን እንቀጥላለን። አንተ ደህናውን በጥሰህ ትቀጥልና ሙያ ነው ትለናለህ። ጉድ እኮ ነው!» ይላል። አንድ ክረምት ስለ ሽመና ዶክመንተሪ ልሥራ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ተቀምጬ ቀረጽኩት። ሲሸምን፣ ሲያወራ፣ ምሳ ሲበላ፣ ደንበኛ ሲመጣ። ከዚያ ሰርግ በዛብኝና ተውኩት። ባገኘኝ ቁጥር «ቆርጠህ ጨረስከኝ?» ይለኛል። «ትንሽ ቀርቷል» እለዋለሁ። ውሸቴን ነው፤ ፋይሉን ከፍቼው እንኳ አላውቅም ነበር።

ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ እናቴ ልቧን ታማ ሆስፒታል ተኛች። አጎቴ በየቀኑ እየመጣ እግሯ ሥር ይቀመጥ ነበር። ብዙም አያወሩም። እሱ ጋቢው ውስጥ ይሸጎጣል፣ እሷ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፣ የጠያቂ ሰዓት ሲያበቃ «በይ እህት ዓለም» ብሎ ይነሳል። አንድ ማክሰኞ ቀረ። ጠዋት መሸመኛው ላይ እንደተቀመጠ ደረቴን አለ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አረፈ። እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ወንድሟ ሬሳ ሆኗል፣ በሁለቱ መካከል የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው።

ሐኪሙ «ለጊዜው የሚያስደነግጥ ነገር አታሰሟት፣ ልቧ አይችለውም» ብሎናል። ስለዚህ ቀበርነውና መርዶውን አቆየነው። መርዶ ማቆየት በኛ ሰፈር አዲስ አይደለም፤ ከተቀበረ ወር የሞላው ሰው «ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል» ሲባልለት ስንቴ ሰምተናል። የዕድራችን ዳኛ፣ ነገር የሚያውቁ ሽማግሌ፣ ከቀብር መልስ እኔንና እህቴን ለብቻችን ጠርተው፣

«ማቆየቱን አቆዩት፤ ሕመም አለባት። ግን አርባው ሳያልፍ ንገሯት። ወንድሟም አባቷም እሱ ነው። አልቅሳ ሳትሸኘው አርባው ካለፈባት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ይቅር አትላችሁም» አሉን።

«ብትሞትብንስ ጋሼ?» አለች እህቴ።

ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። እንደ ወጉ፣ ምንም ሳንወስን ተስማምተን ተለያየን።

እናቴ ከሆስፒታል ስትወጣ ሽሮ ሜዳ ወዳለው ቤቷ መመለስ አልቻለችም፤ ጎረቤቱ በሙሉ ለቅሶ ደራሽ ነው። እህቴ ዊንጌት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ እዚያ ወሰድናት። ከዚያ በኋላ ቤተሰቤ ሙያዬን ሲንቅ እንዳልነበር ሁሉ ተካነበት። ሽሮ ሜዳ ለቅሶ፣ ዊንጌት ኮሜዲ፤ መሀሉ አንድ ታክሲ። እህቴ ጠዋት ጥቁር ለብሳ ለቅሶ ቤት ትውላለች፣ ማታ ግቢው ውስጥ ከጥበቃው ጎጆ ኋላ ገብታ ጥቁሩን ታወልቅና አበባ አበባ ያለበትን ቀሚሷን አጥልቃ፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ ለጥፋ ትገባለች። እኔ ለሐዘን ያሳደግኩትን ጢም ተላጨሁ። የአጎቴ ሚስት ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ አይቀርቡምና «አገር ቤት ሄደዋል» ተባለ። የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ደረጃው ሥር በእህቴ ይፈተሻል፦ ጥቁር የለም፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ የለም፣ ዓይን የቀላ የለም። አንድ ያጎት ልጅ በሩ ላይ ሆድ ብሶት ተመልሶ ወረደ።

እናቴ ግን መጠየቋን አልተወችም።

«ወንድምጋሼ ምነው ቀረ?»

«ጉንፋን ይዞት ነው። እንዳያስይዝሽ ብሎ ነው።»

«ታዲያ ይደውልልኝ።»

«ስልኩ ተበላሽቷል።»

«ባንተ ስልክ አገናኘኝ።»

«ድምፁ ተዘግቷል እኮ እማዬ፣ ጉሮሮው...»

«ካሜራ አለህ አይደል?» አለች። «ሄደህ ቀርጸህ አምጣልኝ። ድምፁ ቢዘጋ ፊቱን ልየው።»

እህቴን አየኋት። እህቴም አየችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «አንተ ልጅ መቼ ነው ሥራ የምትይዘው» ስትለኝ የኖረች እህቴ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና ክንዴን ጨምድዳ «ያ ዶክመንተሪ አለ አይደል? አለ በለኝ! ለእመቤቴ ብለህ!» አለችኝ።

አለ። የሦስት ቀን አጎት ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ።

ቀጥዬ የምናገረው ያሳፍረኛል፤ ግን ልናገረው። አጎቴ በተቀበረ በአሥረኛው ቀን ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ሥራውን ስጀምር እንባዬ ይመጣል ብዬ መሀረብ አዘጋጅቼ ነበር። መሀረቡን አልነካሁትም። ሥራው ጣፈጠኝ። ቁጭ ብዬ ሰው አስነሳሁ። «እህት ዓለም» የሚለውን በልጅነቱ አዝሏት ስለመጣበት መንገድ ሲያወራ አገኘሁት። «እንዴት ነሽ» የሚለውን ነጠላ ልትገዛ ለመጣች ሴት ነው ያለው። «እመጣለሁ፣ እመጣለሁ» ያለው ውጭ ሆኖ ለጠራው ጎረቤቱ ነው። ሦስቱን በሦስት ቀን ለሦስት ሰው የተናገራቸውን ገጣጠምኩና «እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽ፣ እመጣለሁ፣ እመጣለሁ» አለ። መገጣጠሚያው እንዳይሰማ የመሸመኛውን ድምፅ አለበስኩበት። አንዴ ካለበስኩት በኋላ እኔም አመንኩት። በውሸቴ አልፈርድም፤ ያምር ነበር።

ጊዜ ነበር ያስፈራኝ። ሲቀረጽ ክረምት ነው፣ አሁን ጾም ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ አጠፋሁ። ግድግዳው ላይ የነበረውን ካላንደር ከፍሬሙ አስወጣሁ። ምሳ ሲበላ ያለውን ደግሞ በጥንቃቄ መረመርኩ፤ እናቴ በጾም እንቁላል ሲበላ ብታየው በሁለተኛው ቀን ቄስ ታስጠራለች። ደግነቱ አንዱ ቀን ረቡዕ ነበርና ሽሮ ነው የበላው። በዚያ ምሳ ላይ ወደኔ ዞሮ፣ ካሜራውን ረስቶ «እንካ ጉረስ!» ብሎ ትልቅ ጉርሻ ይዘረጋል። «እንካ ጉረስ»ን አወጣሁት፤ ጉርሻው ለእናቴ ሆነ።

ከዚያ ቦታ አስቸገረኝ። የመጀመሪያውን ምስል ከመሸመኛው በስተቀኝ ቆሜ ነው የቀረጽኩት፣ የጉርሻውን በስተግራ። ሲቀጣጠሉ አጎቴ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያያል፤ ሰላም ያላት እህቱንና ያጎረሳት እህቱን በሁለት ግድግዳ ያስቀመጣቸው ይመስላል። ለዚህ መድኃኒት አለው፤ በመስተዋት እንደሚታይ አድርጎ ምስሉን መገልበጥ ነው። የጉርሻውን ገለበጥኩት። ፊቱ ወዲያው ወደ እናቴ ዞረ። የተገለበጠ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ እንዳይኖር አየሁ፤ የለም። እጆቼን አፋተግኩ።

በማግስቱ እህቴ ቤት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ድምፁም ተከፍቶለታል» ብዬ ከፈትኩላት። እናቴ አየችው። ጉርሻው ላይ ሲደርስ ቀና አለች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሲያልቅ «ድገመው» አለች። ደገምኩት። «እንደገና።» ሦስት ጊዜ አየችውና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

«ደስ አላት!» አለች እህቴ ወጥ ቤት ሄደን። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ በሥራዬ የተሳምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ «አዲስ አምጣልኝ» ትላለች። ሁለተኛውን ሠራሁ፤ አጎቴ ድር ያዞራል፣ ይስቃል። ሦስተኛውን ሠራሁ፤ በር ላይ ቆሞ ሰማይ ያያል። ቃል እያለቀብኝ መጣ። የሞተ ሰው አዲስ ነገር አይናገርም፤ የተናገረውን ነው የምታገላብጠው። እናቴ ሁሉንም ጸጥ ብላ ታያለች። አንዳንዴ «መቼ ቀረጽከው?» ትለኛለች። «ትናንት» እላለሁ። «እሺ» ትላለች። ያቺን «እሺ» እንደ አድናቆት ነበር የቆጠርኳት።

አርባው ቅዳሜ ሊውል የዕድር ዳኛው ማክሰኞ ጠዋት ደወሉ። «ምን ወሰናችሁ?» አሉ። እኔ እንንገራት አልኩ። እህቴ እንደ እሳት ተነሳችብኝ።

«ንገራትና እጅህ ላይ ትሙትልህ! ከዚያ እሷንም ቆርጠህ ቀጥላት!»

«አርባው ካለፈ ዳግም አይመጣም እኮ።»

«እናትስ? እናት ዳግም ትመጣለች?»

እውነቷን ነው። እኔም እውነቴን ነበር። በበኩሌ ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ አራተኛ ቪዲዮ የሚሆን ምስል አልቆብኝ ነበር። ከአጎቴ ሦስት ቀን የቀረኝ ካሜራውን «አጥፋው በቃ፣ ደከመኝ» ሲለኝ ያለው ብቻ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት እህቴ ከለቅሶ ቤት በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል አድርጋ መድኃኒት ገዝታ ልትመጣ ነበር። እኔና እናቴ ብቻችንን ነን። እንደምንም የጎነጎንኩትን አራተኛውን ላፕቶፔ ላይ ልከፍት ስል፣

«እሱን ተወው» አለች። «የመጀመሪያውን ክፈትልኝ።»

ከፈትኩት።

«እዚህ ላይ አቁመው።»

አቆምኩት። አጎቴ ጉርሻውን እንደዘረጋ ቀረ።

«በየትኛው እጁ ነው የሚያጎርሰኝ?»

አየሁ። ምስል ሲገለበጥ ፊት ብቻ አይደለም የሚዞረው። ካላንደር አይቻለሁ፣ ጽሑፍ አይቻለሁ፣ ሽሮውን እንኳ መርምሬያለሁ፤ እጁን አላየሁም። ወንድሟን ለሕመምተኛ እህቱ በግራ እጁ አስጎርሼዋለሁ።

«ልጅ ሆኜ በግራ እጄ እንጀራ ስነካ፣ እጄን መታ አድርጎ ቀኜን ያስለመደኝ እሱ ነው» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «መጀመሪያ ቀኙ ሽባ ሆኖ የደበቃችሁኝ መሰለኝ። በምን ሊሸምን ነው ብዬ ሌሊቱን ስጨነቅ አደርኩ። በነጋታው ሁለተኛውን አመጣህ፣ አየሁት፤ በሁለት እጁ ድር ያዞራል። እጁ ደህና ነው። እጁ ደህና ከሆነ ለምን አይመጣም? ወንድምጋሼ እኔ ታምሜ ቪዲዮ ይልክልኛል? እግሩ ቢቆረጥ በታክሲ ይመጣል። የማይመጣው ከሌለ ነው።»

«በነጋታው» አይደለም፣ በሳምንቱ ነው ልል አፌ ላይ መጣ። ባለሙያ ነኝና። አምላክ ይመስገን ዋጥኩት።

«እማዬ፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ላድርግ? ባለቅስ ሐኪም ልትጠሩ። እናንተ ደግሞ እንዲያ ስትለፉ! እህትህ እዚያ ጎጆ ኋላ ጥቁሯን ስታወልቅ በመስኮት አያታለሁ። ባለፈው ቀሚሷን በውስጡ ገልብጣ ለብሳ ገባች፤ አሳዘነችኝ፤ ምን ብዬ ልንገራት?»

«አላለቀስሽም?»

«ሻወር ቤት። ውኃውን ከፍቼ።»

በእህቴ ግቢ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። እናቴ ወንድሟን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ለዚያውም ባልዲ እስኪሞላ ነው ያለቀሰችው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ፊቱ አቅጣጫ ስጨነቅ።

«ከቀረበት ማክሰኞ ጀምሬ ቆጥሬያለሁ» አለች። «አርባው ቅዳሜ ነው።»

«አዎ።»

«ልታሳልፉኝ ነበር?»

ላፕቶፑን ከደንኩት።

«ያንተ ሥራ ይሄ አይደል፤ የማይፈለገውን ማውጣት። ከወንድሜ ለቅሶ ውስጥ እኔን አወጣችሁኝ።»

ይህን ብላ ተነስታ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። እህቴ የመድኃኒት ፌስታሏን አንጠልጥላ ወደ ጥበቃው ጎጆ ስትጠጋ ነበር። እናቴ መስኮቱን ከፈተችና፣ ያ «ደከመ» የተባለ ልብ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣

«አታውልቂው! እንዳለሽ ነይ!» አለች።

እህቴ እጇ ቁልፏ ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችን። ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ላዛባና ቅዳሜን ላስቀድም፤ የሙያ ልክፍት ነው። ቅዳሜ እናቴ አርባው ላይ ተገኘች። በእኔና በእህቴ ክንድ ተደግፋ ከመቃብሩ አጠገብ ቆመች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ድምጿን አውጥታ አለቀሰች፣ ለቀስተኛውን ሁሉ አስለቀሰች። የዕድር ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሷት። ልቧ ምንም አልሆነ። ሰኞ ሐኪሙ ሲያያት «ምን አገኙ? ተሽሎዎታል» አላት። እህቴና እኔ ተያየን።

አሁን ወደ ማክሰኞ ልመለስ። እህቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ሮጣ ወጥታ፣ እናቴ እግር ላይ ወድቃ፣ ሁለቱም ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔ እንደ እንግዳ ቆሜ ቀረሁ። ከአጎቴ ቀብር ወዲህ አላለቀስኩም ነበር። ጊዜ አልነበረኝም፤ እሱን በማኖር ሥራ ላይ ነበርኩ።

እናቴ ትንሽ ሲወጣላት ዓይኗን ጠረገችና «ቀብሩን ቀርጸኸው የለ?» አለችኝ።

ቀርጬዋለሁ፤ ላገር ቤት ዘመዶች እንዲሆን። «አለ። ግን አልተሠራም እማዬ። ሁለት ቀን ስጪኝና፣ አሳጥሬ፣ ደህና ደህናውን...»

«አንድም ነገር እንዳትነካ» አለች። «እንዳለ አምጣው። እነሱ ሲሸኙት የቆሙትን ያህል እኔም ልቁም።»

ከፈትኩት። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። ከቤት መውጣቱ፣ ዳገቱን የሚወጣው ሰው፣ ወፍራም ሰውዬ ካሜራው ፊት ቆሞ የሚጋርድበት ስድስት ደቂቃ፣ ንፋስ የበላው ድምፅ፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን በአሥር ሴኮንድ የምጨርሰው። እናቴ አንዱንም አላለፈችም። የሰው ፊት ባየች ቁጥር «እሱም መጥቷል፣ ተባረክ» ትላለች። ሬሳ ሳጥኑ ሲታይ «ወንድምጋሼ!» ብላ ደረቷን ያዘች። እህቴ መድኃኒቱንና ውኃውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እናቴ ተነፈሰች፤ ቀጠለች።

ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ሲል ምስሉ ይናወጥና ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ሣርና የሰው እግር ብቻ ነው። ረስቼው ነበር። ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጬው ሳላጠፋው ነው የቀረሁት። ድምፅ ግን አለ፤ አፈሩ፣ ቄሶቹ፣ ሴቶቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካሜራው አጠገብ ሳጉ የማይቆረጥ አንድ ሰው።

«ይሄ ማነው?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ።»

ዞራ አየችኝ። ሠላሳ ስድስት ቀን ሙሉ እንዲያ አላየችኝም፤ ስክሪኑን ነበር የምታየው።

«እንዲህ እየነደድክ ነው እኔን ልታስቅ ስትለፋ የከረምከው?»

ምስል የለውም ብዬ፣ ይሰለቻል ብዬ፣ እጄ ለማሳለፍ ወደ ቁልፉ ሄደ። እናቴ እጄን ያዘችው፤ ሳትለቀው ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ተወው» አለች። «እስኪያበቃ።»

አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር የቀረው። እህቴም መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ሦስታችንም ሣርና የሰው እግር እያየን አለቀስን።